በቶና ላይ የፈነዳው ካፓሲተር

ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አምፕሊፋየር የተበላሸበት ሰው ከሙሽራው በላይ ይጨነቃል። የጎረቤታችን የእትየ አምፕሊፋየር ለልጃቸው ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀር "እምምም" እያለ ዘፈኑን ዋጠው። ድምፁን ዜሮ ላይ ብታደርጉትም የማይጠፋ እምታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዳዮዶቹ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት) ቀጥሎ ካለው፣ ኃይል እያጠራቀመ ሞገዱን ከሚያለሰልሰው ትልቁ ካፓሲተር ነው። ስከፍተው የመያዝ አቅሙ 2200 ማይክሮፋራድ፣ የሚችለው እስከ 25 ቮልት፤ አናቱ እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ብሏል።

እትየ ቡና እየቆሉ በቦታው እስከ 16 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ለምን እንደማይበቃ ተነተንኩላቸው። ትራንስፎርመሩ 12 ቢልም ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ሞገዱ ጫፍ ነው፦ 12 በ1.41 ሲባዛ 17፣ ሁለት ዳዮዶች የሚበሉት 1.4 ሲቀነስ 15.5 ገደማ። የመስመሩ ኃይል ትንሽ ከፍ ሲል 16ቱ አለቀ። ትንተና ላይ ማን ይችለኛል!

ከዚያ ከአሮጌ ቴፕ የነቀልኩትን ካፓሲተር አነሳሁና "ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው" አልኩ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። ሕጉ ልክ ነው፤ ግን ለአዲስ ካፓሲተር። አንዴ ተበይዶ እግሩ የተቆረጠ ዕቃ ላይ ረጅሙ እግር ፒንሳው በአጋጣሚ ያተረፈው ነው። የኔው ረጅም እግር ነጌቲቭ ኖሯል።

አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲቀዳ ሶኬቱን ሰካሁ። ትራንስፎርመሩ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ "ፍስስስ"፤ ከዚያ ጧ! እንደ ጥጥ የተቦጫጨቀ እርጥብ ወረቀት ረከቦቱ ላይ ዘነበ። ቤቱ የከረመ ዓሣ ሸተተ።

"በስመ አብ! ልጅየ፣ ተኩሱን ለሰርጉ ዕለት ብታቆየው ምን ነበረበት?"

መስኮት ከፍቼ ጭሱ እስኪወጣ ሁላችንንም ወደ ደጅ አስወጣሁ፤ ያ ትነት አይማግም። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚያግደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሲገለበጥ ያሳልፋል፣ ፈሳሹ ይግላል፣ ጋዝ ይሆናል። አናቱ ላይ የተጫረው መስቀል ጌጥ ሳይሆን ጋዙ ቀዶ እንዲወጣበት የተሠራ ነው።

እትየ ቅርፊቱን በነጠላቸው ጫፍ አንስተው አገላበጡት። "ይች ጎኑ ላይ ያለችው ሰረዝ ምንድን ናት?"

"ነጌቲቭ ናት፣ እትየ።"

"ስትገጥመውም ነበረች?"

ነበረች። (ታንታለም የሚባለው የካፓሲተር ዓይነት ላይ ግን ሰረዟ ፖዘቲቭ ናት፤ ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ አቅጣጫ የለውም። ይህን ለእትየ አልነገርኳቸውም፤ አፌን የምከፍትበት ሰዓት አልነበረም።)

በማግሥቱ ቦርዱን አጸዳሁ፤ የተቃጠለውን ፊውዝ በዚያው አምፔር ቀየርኩ፤ ዳዮዶቹንም አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ፣ እንዲህ ካለው ሾርት በኋላ አይታመኑምና። ቦርዱ ላይ ጠቆር ያለው ግማሽ ክብ አብዛኛውን ጊዜ ነጌቲቭ ነው፤ ሁሉም ቦርድ ግን አይስማማም። ስለዚህ ካፓሲተር ሳይገጠም ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጌ ለካሁ፤ ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክት ከወጣ የቴስተሩ ቀይ ሽቦ ያረፈበት ፖዘቲቭ ነው። 9 ቮልት ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ካፓሲተሩ ሲገባ ወደ 15 ይወጣል። ገበያ 2200 ጠፋ፤ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ሁለት ገዝቼ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቩን ከነጌቲቭ ጎን ለጎን በየድኳቸው፤ 2000 ይሆናል፣ ይበቃል።

ለመጀመሪያው ሙከራ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ገባ፦ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሰላም፣ ደምቆ ከቀረ ሾርት።

ልሰካ ስል እትየ እጄን ያዙኝ። ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ሰረዞች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ረከቦቱን አንስተው ጓዳ አስገቡና ከበሩ ጀርባ ሆነው "በል እንግዲህ ስካ!" አሉኝ።