የእነዋሪ መደብ ለንደን ላይ፦ የአሎትመንቴ ጉድ

ክረምቱ፣ የፈረንጁን ማለቴ ነው፣ እየወጣ ስለሆነ እስካሁን መሬቷ ላይ የሰራሁትን፣ የፈረሰብኝንና መልሼ ያቆምኩትን ላካፍላችሁ፣ ዘንድሮ አዲስ መሬት የደረሳችሁ ስላላችሁ ቢያንስ እንጨት ላይ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት አንብቡት።

ለማያውቅ፣ አሎትመንት እዚህ እንግሊዝ ካውንስሉ፣ የአካባቢው መስተዳድር ማለት ነው፣ ለነዋሪው በዓመት ኪራይ የሚሰጠው የአትክልት መሬት ነው፣ ጓሮ በሉት፣ ግን በአውቶቢስ የሚኬድበት ጓሮ። በፈረንጆቹ የ1908 ህግ ያለው ነገር ነው፣ እስከዛሬም የሚለካው ሮድ በሚባል የድሮ መለኪያ ነው፣ ሙሉው 10 ሮድ ማለትም ወደ 250 ካሬ ሜትር ሲሆን ለኔ የደረሰኝ ግማሹ ነው፣ እሱም ወረፋውን ጠብቄ ጠብቄ ከረሳሁት በኋላ። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው፣ የኔዋ 125 ካሬ የጥማድ አንድ ሃያኛ መሆኗ ነው፣ በሬ ጠምደህ ብትገባባት በሬው መዞሪያ የለውም። እማዬ ይሄን ስትሰማ "ታዲያ ምኑን ነው የምታርሰው?" አለችኝ።

እኔ ያደግኩት እነዋሪ አካባቢ ነው፣ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ። የጅሩን ሰንጋ የማያውቅ የለም፣ መሬቱን ግን የሚያውቀው የረገጠው ብቻ ነው። ጥቁር ዋልካ ነው፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይውጣል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃውን አላሳልፍ ብሎ ላዩ ላይ ያስተኛዋል፣ ጫማህን ይዞ ይቀራል። እና ለንደን መጀመሪያ ቀን አካፋ ስሰካ ያው እሱ ጭቃ ጠበቀኝ፣ የሚለየው ቀለሙ ነው፣ የኛው ጥቁር የዚህ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ። አካፋው አልወጣ አለ። እዚያው ቆሜ ሳቅኩ፣ ከዚህ ነገር ሸሽቼ አልነበር እንዴ ትምህርቴን ሙጥኝ ያልኩት!

ጎረቤቶቼ ሁሉ ሬይዝድ ቤድ ስራ አሉኝ፣ እንጨት በአራት ማዕዘን ገጥመህ ውስጡን በኮምፖስት ሞልተህ ከጭቃው ከፍ ብለህ መዝራት ማለት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ውድ ስለሆነ ፓሌት ሰበሰብኩ። እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር፦ ፓሌቱ ላይ ማህተም አለ፣ ኤችቲ (HT) የሚል ከሆነ በሙቀት ብቻ የታከመ ነው ውሰዱት፣ ኤምቢ (MB) የሚል ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ የሚበላ ነገር አጠገብ እንዳታደርሱት። መበተኑ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሚስማሩ ጠመዝማዛ ስለሆነ እንጨቱ ይሰነጠቃል እንጂ እሱ አይወጣም፣ የተዋስኩት ድሪል ባትሪው መሃል ላይ ያልቃል፣ ባትሪው ሲሞላ ዝናብ ይመጣል። ብቻ በስንት መከራ ሁለቱ ቆሙ፣ ኮራሁ፣ ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላኩላት። ወዲያው ደወለች፣ ድምጿ ተቀይሯል፣ "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?" አለችኝ። ለካ ሁለቱ ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲታዩ ቁርጥ የሬሳ ሳጥን ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ባየኋቸው ቁጥር ያው እሱ ነው የሚታየኝ።

ሳጥኖቹም ብዙ አልቆዩም። እርጥብ ኮምፖስት ከባድ ነው፣ ዝናቡን ጠጥቶ ሲያብጥ ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ እየገፋ ሆዱን ነፋው፣ የማዕዘኑ ብሎኖች ለቤት ውስጥ ስራ የሚሆኑት ዓይነት ስለነበሩ ዝገው አንገታቸው ተበጠሰ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ስሄድ አፈሩ መንገድ ላይ ተዘርግፎ አገኘሁት። ውጭ ለሚቆም ነገር ዝገት የማይዘው ብሎን ግዙ፣ ረጅም ጎን ላይ ደግሞ መሃሉን የሚይዝ ችካል ከውጭ በኩል ምቱ።

በርሜሉ ግን የጉድ ጉድ ነው። የሼዱን፣ የዕቃ ማስቀመጫዋን ጎጆ፣ ጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅም 210 ሊትር የላስቲክ በርሜል አገኘሁና ባልዲ ከስሩ እንዲገባ ብዬ ከተረፈው ፓሌት ባለ አራት እግር መቆሚያ ሰራሁለት። 210 ሊትር ሲሞላ ከሁለት ኩንታል በላይ ነው፣ ያ ሁሉ ክብደት በአራት ቀጫጭን እግር ለስላሳ ጭቃ ላይ ቆመ ማለት ነው። አንዱ እግር ቀስ እያለ ሰመጠ፣ በርሜሉ አዘመመ፣ ሌሊት ይመስለኛል ተገለበጠና ውሃው በሙሉ የጎረቤቴ ባሮ ሽንኩርት ላይ ሄደ። ጎረቤቴ ጃማይካዊ ሽማግሌ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ካላሉ የሚሉትን ቅጠል ያመርታል፣ እኛ ከማሳ ነቅለን ለጥጃ የምንጥለውን አረም እሱ በመስመር ዘርቶ ይንከባከበዋል፣ ሲጠበስ ግን እውነቱን ለመናገር ከጎመን አያንስም። ጠዋት ስመጣ በርሜሉን መልሶ አቁሞ፣ ከስሩ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ደርድሮ፣ ምንም ሳይናገር ሽንኩርቱን እየተከለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እማዬ "ለምን እንደኛ አታወጣውም?" ያለችኝ። እንደኛ ማለት እንዲህ ነው። እነዋሪ ላይ በክረምት ማሳው ይታረስና ውሃው እንዳይተኛ ከፍ ያለ መደብና በመሃሉ ቦይ ይወጣለታል፣ በእጅ። አባት በበሬ መስመሩን ያወጣል፣ እናትና ልጆች ጎንበስ ብለው ከኋላ እየተከተሉ ከቦዩ ውስጥ ጭቃውን በእጅ እየዛቁ መደቡ ላይ ይከምራሉ፣ ማሳው እስኪያልቅ። ዝናቡ በገሳው ላይ ይወርዳል፣ ጣትህ ይደነዝዛል፣ ጥፍርህ ስር የገባው ዋልካ ለቡሄም አይለቅህም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የሚባለው የከብት ምርምር ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይሄንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሳሪያ ሰርቶ ነበር፣ እኛ ቤት ግን መሳሪያው እኛ ነበርን። ገጠር ይናፍቀኛል ስል ይሄም ጭምር እንዳለበት ይታወቅልኝ፣ አሁን የሚናፍቀኝ በየመሃሉ ቀና ስንል እማዬ ከጉያዋ አውጥታ የምታድለን ትኩስ ቆሎና የማን መስመር ቀድሞ አለቀ እያልን የምንጣላው ነው። ያኔ ግን ጠልቼው ነበር፣ በጣም።

እና ኦክቶበር ላይ የቀሩትን ሳንቃዎች ነቅዬ መረማመጃ አደረግኳቸው፣ ገመድና ችካል ይዤ ከሁለቱም ጎን እጅ መሃሉ ድረስ የሚደርስበት ስፋት ለካሁ፣ ቦዩን በአካፋ ቆፍሬ አፈሩን ወደ መደቡ ሰቀልኩ፣ መጨረሻውን በእጄ አስተካከልኩ፣ ጓንት አድርጌ በእርግጥ። ቁም ነገሩ ያለው የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ሀገር ቤት ፈሰስህን ወደ ሰው ማሳ ከለቀቅህ ጠቡ ሽማግሌ ፊት ያደርሳል፣ እኔም ጋሼን በበርሜሉ ያጥለቀለቅኩት ስለሚበቃኝ በራሴ ዝቅተኛ ጥግ ጉድጓድ ቆፍሬ የተሰባበረ ጡብ ሞላሁበትና ቦዮቹን ሁሉ ወደዚያ አዞርኳቸው።

ኖቬምበር ላይ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ዘራሁበት፣ ሁለቱም እዚህ ብርዱን ችለው ያድራሉ። ጃንዋሪ ላይ ቦዩ ውሃ ሞልቶ በረዶ ሰርቶበት መደቡ ላይ ግን ነጭ ሽንኩርቱ ደረቅ ቦታ ቆሞ ሳየው፣ በቃ፣ ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁ። ሰኔ ላይ የባቄላ እሸት በላን፣ ሀገር ቤት በመስከረምና ጥቅምት የለመደ አፍ በሰኔ እሸት ሲያገኝ ግር ይለዋል፣ ግን ፈልፍለን ጨረስነው፣ ጋሼም ጥሬውን በላ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ዝናብ ሲጠፋ የመደቡ ጠርዝ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ስሩ ይጋለጣል። ሀገር ቤት ክረምቱ ከገባ እስኪወጣ ይዘንባል ከዚያ ያቆማል፣ መደቡም ለዚያ የተሰራ ነው፣ እዚህ ግን ዝናቡ ወቅት የለውም፣ ሲፈልግ በሰኔ ጠፍቶ በመስከረም ያጥለቀልቃል። ገለባ አለበስኩት፣ ገለባው ስር ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ተራባ፣ ሰላጣውን በአንድ ሌሊት ልጦ ጨረሰው። ስለዚህ ከፍ ያለው መደብ በመኸር ለሚዘራ ነገር ሆነ፣ ለበጋው ዝቅ አድርጌ ነው የማወጣው።

የሀበሻ ጎመን የዘራችሁ ደግሞ ስሙኝ፣ በስፕሪንግ ከዘራችሁት ቅጠል ሳትበሉ ግንዱ ይመዘዝና ያብባል። የቀኑ ርዝመት ነው፣ እኛ ሀገር ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ነው፣ እዚህ ሰኔ ላይ ከ16 ሰዓት ያልፋል፣ ጎመኑ ጊዜው የደረሰ ይመስለዋል። ጤፍ ደግሞ በተቃራኒው፣ ለጨዋታ ያህል ጥግ ላይ በትኜው ቀኑ እስኪያጥር ሳር ሆኖ ከረመ፣ ሴፕቴምበር ላይ ዛላ ማውጣት ሲጀምር ዝናቡ አስተኛው። ጎመኑን አሁን ጁላይ መጨረሻ ላይ ነው የምዘራው፣ እስከ ውርጭ ድረስ ይቀጠፋል።

የሚቀጥለው ስራ ሁለተኛ በርሜል ነው፣ መሬት ላይ በንጣፍ፣ እግር የሚባል ነገር የለውም። ጌሾ በማሰሮ ተክሎ ክረምቱን ያሳለፈ ካለ ደግሞ ውስጥ አስገብቶት እንደሆነ ወይስ ውጭ ሸፍኖት ይንገረኝ፣ ችግኝ የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ከመውሰዴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።