ክብራን ዳር ቆሜ

ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ ወጣን። ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ወጡ፤ እኔና እማዬ ዳር ላይ ቀረን። ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ አልከፋኝም ብል ግን ዋሸሁ። እማዬ በሩቁ ተሳለመችና ስለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ታወራኝ ጀመር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ሚስት ነበረች። ሦስት ልጆቿን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል ባሏን ትታ መነኮሰች። እምነቴን አልለውጥም አለች፤ ተጋዘች። እዚሁ ጣና ዙሪያ ሴቱም ወንዱም ተከተላት። ስታርፍ ደግሞ ማኅበሩን የመራችው ሌላ ሴት ናት፤ አብራት የኖረችው እኅተ ክርስቶስ። በዚያ ዘመን! ወንድ ሴትን አለቃዬ ብሎ ታዘዘ።

«አየሽ ልጄ፣» አለች እማዬ፣ «ስሟን ስጠራ ጉልበቴ ይበረታል።»

ወንዶቹ እስኪመለሱ ውኃውን እያየን ዝም አልን።