ሳም ዋናሜከር፦ ከፊልም ተዋናይነት ወደ ግሎብ ቴአትር ግንባታ (የጥናት ማስታወሻ፣ ሁለተኛ ዙር)

የሳም ዋናሜከርን የፊልም ሥራ ባለፈው ዙር ስላየነው እዚህ ባጭሩ እንለፈው፤ ዋናው ጉዳያችን የሼክስፒር ድራማዎች ይታዩበት የነበረውን የጥንቱን የለንደን ግሎብ ቴአትር እንደገና ማሠራቱ ነው። በ1919 ቺካጎ ተወለደ፤ በ1949 ለፊልም ቀረጻ እንግሊዝ ሄደ፤ አሜሪካ ውስጥ በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ የፊልም ሰዎች ሥራ በሚያስከለክል ጥቁር መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ እሱም ኑሮውን እንግሊዝ አደረገ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮዲውሰርነቱ በደንብ የሚታየው ከ1957 ጀምሮ ሊቨርፑል ላይ ነው። ኒው ሼክስፒር ቴአትርን ተረክቦ ድራማ፣ ፊልምና ጃዝ አንድ ቤት ውስጥ አስገባ። ቤቱ በ1959 ተዘጋ። ሐሳቡ ግን በኋላ ለንደን ላይ ተመልሶ መጣ፤ ግሎብ ትምህርትና ዐውደ ርዕይ ጭምር ይዞ የታቀደው ለዚህ ይመስለናል።

የግሎብን ሥራ የጀመረው በ1970 ድርጅት በማቋቋም ነው። ከዚያ መሬት፣ ከዚያ ገንዘብ። ብዙ ጊዜ የበላው መሬቱ ነው፦ የሳውዝዋርክ (ቦታው የሚገኝበት የለንደን ክፍል) ምክር ቤት መሬቱን ለመንገድ ጠራጊዎች ዕቃ ማስቀመጫ ፈለገው፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1986 ለዋናሜከር ወገን ተቋጨ። የተዋናይ ዝና በር ያስከፍታል፤ የይዞታ ውል ግን አይተካም።

በ1989 የጥንቱ ግሎብ መሠረት በከፊል ተቆፍሮ ሲገኝ የአርክቴክት ቲዮ ክሮዝቢ ንድፍ መስተካከል ነበረበት። የተሠራው ባለ 20 ጎን ሲሆን ስፋቱ ከዳር ዳር 30 ሜትር ገደማ ነው።

እንጨቱ ኦክ ነው፤ ሳይደርቅ ይጠረባል። ደረቅ ኦክ ለመጥረቢያ አስቸጋሪ ነው፤ እርጥቡ ይታዘዛል፤ ከተገጠመ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና ችንካሩን አጥብቆ ይይዛል። መገጣጠሚያው ወንዴና ሴቴ ነው፦ የአንዱ እንጨት ጫፍ ሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ይገባል፤ ማያያዣውም የእንጨት ችንካር እንጂ ብሎን አይደለም። እያንዳንዱ ምሰሶ ለጎረቤቱ ብቻ ተለክቶ ስለሚጠረብ አንዱን ባንዱ መለወጥ አይቻልም። እንጨቶቹ ከተቀላቀሉ ሥራው አበቃለት! ልስኑ ኖራ ሲሆን የፍየል ፀጉር ይገባበታል፤ ፀጉሩ ከሌለ ልስኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ከሁሉም የከበደው ክዳኑ ነው። የመጀመሪያው ግሎብ በ1613 የተቃጠለው ከመድፍ የወጣ እሳት የሣር ክዳኑን ስለያዘው ነበር። ከ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ ወዲህ በከተማዋ የሣር ክዳን ሲፈቀድ አዲሱ ግሎብ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ የውሃ መርጫ ተዘርግቷል። የተመልካቹ ቁጥርም ተቀነሰ፦ የጥንቱ እስከ 3,000 ሰው ይይዝ ነበር ይባላል፤ የዛሬው የግማሹን ያህል ነው፤ ከእነዚህ 700 ያህሉ መሬት ላይ ይቆማሉ። ቆሞ የሚያይ ሰው ዝናብ ቢዘንብም ጃንጥላ አይዘረጋም፤ ከኋላ ያለውን ይጋርደዋላ።

ዋናሜከር በታኅሣሥ 1993 ሞተ፤ ቴአትር ቤቱ በ1997 በይፋ ተከፈተ። የማታ ትርኢት ላይ መብራቱ የቀን ብርሃን እንዲመስል ተመልካቹም ላይ ይበራል፤ ስለዚህ ተዋናዩ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ለካሜራ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሊላመደው የሚገባው ይህንን ነው።