የትምህርት ቤታችንን ዜና ከድሮ ጋዜጣ ለማውጣት የሄድኩበት መንገድ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የድሮ ዜና የመሰብሰቡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። የድሮ ጋዜጦች ወደተቀመጡበት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። መታወቂያ ማስያዝ፣ ቦርሳ በር ላይ መተው፣ እሱ አያስቸግርም። የትብብር ደብዳቤው ላይ ግን «ርእሱን በዝርዝር ግለጹ» ቢሏችሁም አትግለጹ። «ከ1948 እስከ 1970 ዓ.ም. የታተሙ ጋዜጦች» ብላችሁ አስጽፉ። የአንድ ትምህርት ቤት ስም ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የአውራጃውን ዜና ማገላበጥ ሲጀምር «ደብዳቤህ ይህን አይልም» ይባላል።

ትልቁ ጣጣ የመጠየቂያ ቅጹ ነው። ጋዜጣው የወጣበት ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሞላ ጥራዙ ከመደርደሪያ አይወርድም። ቀኑን ባውቀው ኖሮ ምን ልፈልግ እመጣ ነበር? መልሱ «መመሪያ ነው» ብቻ ነው። መመሪያውን ያወጣው ሰው አንድ ቀን እንኳ ጋዜጣ ፈልጎ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። መፍትሔው ቀኑን ገምቶ መሙላት ነው። ጋዜጦቹ ተጠርዘው ስለተቀመጡ የአንዱን ቀን ስትጠይቁ ጎረቤቶቹም አብረው ይመጣሉ።

ግምቱም መላ አለው። በንጉሡ ዘመን የምረቃና የጉብኝት ዜና ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓል፣ እና ሐምሌ 16፣ የልደት በዓል፣ ሰሞን ይበዛል። ገና ላይ ለተማሪዎች የሚታደለው ሹራብ አለ፤ ሰኔና ሐምሌ የሽልማትና የፈተና ወር ነው። ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ ከመስከረም 2፣ የአብዮት በዓል፣ ጀምሩ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ወሬ ከፈለጋችሁ 1967ን እና 1968ን እለፉ፤ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘምቷል። የክፍለ ሀገር ዜና ዘግይቶ ስለሚደርስ ከበዓሉ ቀን በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ጨምራችሁ እዩ።

በትምህርት ቤት ስም ብቻ አትፈልጉ። ከአብዮቱ በኋላ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ፣ እቴጌ መነን የካቲት 12 ተብለው ነበር፤ ጠቅላይ ግዛቱም ክፍለ ሀገር ተብሎ ነበር። ዓይናችሁ ከተማውንና አውራጃውን ይፈልግ።

በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ቀን ያጋጥማችኋል። ቀለሙ ሲፈስ ፮ እና ፯ አይለዩም፤ ፲፱፻፶፮ እና ፲፱፻፶፯ የሚምታቱት በዚህ ነው። ከቀኑ ጋር የታተመውን ዕለት ተመልከቱ። የ1956 መስከረም 1 ሐሙስ፣ የ1957ቱ ዓርብ ነበር። ስለዚህ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ሆኖ ብታገኙት ዓመቱ 1956 ነው፤ እሑድ ከሆነ 1957። የፎቶ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ፒስ ኮር የተባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ያነሷቸው ፎቶዎች ጀርባ ላይ «1962» የሚለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መምህራኑ እኛ ዘንድ ማስተማር የጀመሩት በእኛ አቆጣጠር በ1955 ነው። ያንን «1962 ዓ.ም.» ብሎ መጽሔት ላይ ማውጣት ትምህርት ቤቱን ሰባት ዓመት ወደፊት ይገፋዋል።

ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ፤ ከመስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን ይበቃል። መጀመሪያ የጋዜጣውን ስምና ቀን፣ ቀጥሎ ሙሉውን ገጽ፣ መጨረሻ ዜናውን አንሱ። ከዜናው ብቻ የተነሳ ፎቶ ከሳምንት በኋላ የየትኛው ቀን እንደሆነ አይታወቅም። ጥራዙን በግድ አትክፈቱ፤ ወረቀቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰበራል። በስፌቱ የተዋጡትን ፊደላት በእጅ ገልብጡ።

ዜናውን ከሥር ወደ ላይ አንብቡ። አናቱ ላይ የተገኙት ባለሥልጣናት ማዕረግ ይደረደራል። የሚጠቅማችሁ ታች ነው፦ ስንት ክፍል ተሠራ፣ ሕዝቡ ስንት ብር አዋጣ፣ መሬቱን ማን ሰጠ። ለመጽሔት ቦታ ሲጠብ አዘጋጆች መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህንኑ ነው፤ አታስቆርጡ።