ቦታው 500 ካሬ፣ ህንፃው 350፣ ሲሚንቶውስ የት ይደር?

ጨረታ ላይ ከሜቶዶሎጂውና ከስኬጁሉ ጋር ምትያያዝ አንዲት ገፅ አለች፣ የሳይት ሌይአውት ፕላን ምትባል፣ ግንባታው ቦታ ላይ ምኑ የት እንደሚቀመጥ ምታሳይ ስእል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ካለፈው ጨረታ ኮፒ ተደርጋ የፕሮጀክቱ ስም ብቻ ተቀይሮ ስትገባ ነው፣ አንዳንዴማ የሰሜን ቀስቷ እንኳን አልዞረችም። ቢሮ፣ ስቶር፣ የፌሮ መስሪያ፣ ጥበቃ ቤት፣ መፀዳጃ ሁሉም በሳጥን በሳጥን ተስሎ ቁጭ። ገምጋሚውም ገፁ መኖሩን ያይና ምልክት ያደርጋል፣ በቃ። ስራው ተይዞ ማታ 5 ሰአት ላይ ሲኖው (ገልባጭ መኪናው) በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ «ኢንጂነር አሸዋውን የት ላራግፈው?» ብሎ ሲደውል ነው ፕላን እንዳልነበረ ሚታወቀው።

ሰፊ ቦታ ላይ ለሚሰራ ሰው ይሄ ብዙም አይጎዳም። ከከተማ ወጣ ብሎ ፋብሪካ ወይ ኮንዶሚኒየም ለሚሰራ አሸዋው እዚ ባይሆን እዛ ይራገፋል፣ ኪሳራው የዳምፐር ነዳጅና የጉልበት ነው። እኔ ማወራው መሀል አዲስ አበባ ላይ ህንፃው ቦታውን ጥርግ አርጎ ስለሚበላበት ሳይት ነው። በየሰፈሩ ያለ አይነት ቦታ እንውሰድ፣ ገርጂም በሉት ቦሌ ሚካኤል። 500 ካሬ፣ በመንገድ በኩል 20 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 25 ሜትር። ሚሰራው ቤዝመንት ያለው ጂ+9። ህንፃው 350ውን ይወስድና ከፊት ለፊት 7 ሜትር ተኩል በ20 የሆነች ቀጭን መሬት ትተርፋለች። 150 ካሬ። ቢሮውም ስቶሩም ሽንት ቤቱም መኪናውም እዛች ላይ ነው ሚኖረው።

አሁን አንድ ስላብ (የአንድ ፎቅ የኮንክሪት ወለል) ልንሞላ ነው እንበል። 350 ካሬ በ20 ሳንቲም ውፍረት 70 ኪዩብ፣ ቢሙን ስትጨምሩበት 80 ገደማ። ሲ-25 ሚባለውን የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት ሳይት ላይ በሚክሰር እናቡካው ካልን ለአንድ ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይዘን 288 ኩንታል ይመጣል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 576 ፍሬ። አሸዋው 40 ኪዩብ፣ ጠጠሩ 60 ምናምን፣ ባንድ ላይ 100። ሲኖው በአንዴ 16 ኪዩብ ቢይዝ ስድስት ሰባት ምልልስ ነው፣ የአንዱ ጭነት ደሞ ተራግፎ ሲዘረጋ 20 ካሬ አካባቢ ይይዛል፣ ሰባቱ 140። ከ150 ካሬያችን 10 ቀረችን፣ ሚክሰሩ ራሱ ገና አልገባም፣ 576ቱ ከረጢትም የት እንደሚያድር አልታወቀም።

ይሄን ስሌት ለባለቤቱ ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ስታሳዩ ነው ሬዲሚክስ (ፋብሪካ ተቦክቶ በመኪና ሚመጣ ኮንክሪት) ቅንጦት አለመሆኑን ሚቀበሉት። «በኪዩብ ይወደዳል» ብቻ ተብሎ ይተዋል እንጂ ሬዲሚክስ ስትገዙ ምትገዙት ቦታም ነው። ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ኮንክሪቱን ወደ ላይ ሚገፋው የፓምፕ መኪና እግሩን ሲዘረጋ 6 ሜትር ምናምን ስፋት ይፈልጋል፣ ስለዚ የሙሌት ቀን ያቺ የፊት መሬት ባዶ መሆን አለባት፣ ፌሮም ብሎኬትም እንጨትም እንዳይኖርባት። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የሰአት ገደብ ስላለም ሙሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማታ ይገፋል፣ ያ ማለት የመብራት ምሰሶ፣ ጀነሬተር፣ የሌሊት ተረኛ ሰራተኛ ሚያርፍበት ቦታ፣ እና እንቅልፍ ያጣ ጎረቤት። እነዚህ ሁሉ ፕላኑ ላይ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ጎረቤቱን ጨምሮ! (ጀነሬተሩን ከሰው መኝታ ቤት አጥር ስር የተከለ ሰው በሁለተኛው ቀን ወረዳ ይጠራል።)

ፌሮው ሌላ ነው። ፌሮ በ12 ሜትር ነው ሚመጣው፣ የኛ ቦታ ፊት 20 ሜትር፣ ከግማሽ በላይ ወሰደ ማለት ነው፣ የቀጭኗ መሬት ጥልቀት ደሞ 7 ተኩል ስለሆነ ከመንገዱ ትይዩ ካልሆነ በሌላ አቅጣጫ ጭራሽ አይተኛም። ትይዩ ሲተኛ ደሞ በሩን ይዘጋል። ስለዚ በሩ መሀል ላይ መሆን የለበትም፣ አንዱ ጥግ ላይ ይሁን፣ ፌሮው በቀሪው 15 ሜትር አጥሩን ተደግፎ፣ ከስሩ እንጨት ተደርጎ፣ በዲያሜትር በዲያሜትር ተለይቶ ይቀመጥ። ብዙ ሰው በሩን ዲዛይኑ ላይ ያለው የግቢ በር ሚመጣበት ቦታ ላይ ይቆርጠውና ከዛ ስድስት ወር ሙሉ ፌሮ ሲያነሳ ሲጥል ይከርማል። ፌራዮዎቹ ቆርጠው ሚያጥፉበት ጠረጴዛ ከነመንቀሳቀሻው 15 ሜትር በ4 ያስፈልገዋል፣ እሱ ካልተገኘ ሌላ ቦታ ተቆርጦና ታጥፎ ታስሮ እንዲመጣ ማድረግ ነው ያለው አማራጭ።

በሩ ላይ እያለን፣ ሲኖው ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፣ 7 ሜትር ተኩል ጥልቀት ውስጥ አይዞርም፣ ከመንገድ ላይ በማርሽ ኋላ ነው ሚገባው። ከመግባቱ በፊት ደሞ ቀና በሉና ሽቦውን እዩ። የመኪናው ገልባጭ ሳጥን ሲነሳ ላይ ያለውን የመብራት መስመር ሊነካ ይችላል፣ አዲስ አበባ ላይ መስመሩ ብዙ ቦታ በአጥር ጫፍ ነው ሚሄደው። መስመር ማስነሳት ማመልከቻና ክፍያ ያለው ስራ ስለሆነ ሳይት በተረከባችሁበት ሳምንት ነው መጀመር ያለበት። የስሪ ፌዝ ቆጣሪም (ለትልልቅ ማሽን ሚሆነው የመብራት ቆጣሪ) እንደዛው።

አሁን ዋናው ነገሬ ጋ ልምጣ። ሌይአውት አንድ ስእል አይደለም። ቢያንስ ሶስት ነው፣ የቁፋሮ፣ የስትራክቸር፣ የፊኒሺንግ፣ ምክንያቱም ያቺ መሬት በየጊዜው ሌላ ስራ ነው ምትሰራው።

ቁፋሮ ላይ ያቺ 150 ካሬ የናንተ አይደለችም፣ የኤክስካቫተሩና የአፈር ጫኙ መኪና ናት። መውረጃው ራምፕ ከዛው ነው ሚጀምረው። በዚ ወቅት ቢሮና ስቶር ግቢ ውስጥ እንስራ ማለት ሰርቶ ማፍረስ ነው። እኔ ምመክረው ፊት ለፊት ወይ ጎን ካለ ጎረቤት ሰርቪስ ክፍል መከራየት ነው፣ ቆርቆሮና ቺፕውድ ገዝቶ አናጢ ቀጥሮ ሁለቴ ከመስራት ይረክሳል፣ ጎረቤቱም ኪራይ ስለሚያገኝ አቧራውን ትንሽ ይታገሳል።

ከሁሉም በላይ ግን የጉድጓዱ አፍ። እዚ ላይ ረዘም ላድርግ ምክንያቱም ሰው ሚሞትበት ቦታ ነው። ውሀ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ሳይት ሮቶ ያስቀምጣል፣ ባለ 10 ሺ ሊትሩ ሲሞላ 10 ቶን ነው። አንድ ሲኖ አሸዋ ከ20 ቶን በላይ ነው። ቦታ ስለጠበበ እነዚህ ሚሄዱት የት ነው? የጉድጓዱ ዳር ላይ ነዋ፣ ሌላ ቦታ የለማ። ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ደሞ በበጋ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰውም «ጠንካራ ነው» ይላል። ሰኔ ገብቶ በስንጥቁ ውሀ ሲወርድበት ግን ያው አፈር አይደለም። እኔ ጋ ያሉት ፎርማን በእድሜ አባቴ ሚሆኑ ሰው ናቸው፣ «ጋሼ እዚ ዳር ላይ ምንም እንዳይራገፍ» ስላቸው «ኢንጂነር ታዲያ በጭንቅላቴ ልሸከመው?» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። መልሱ ትእዛዝ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ማዘጋጀት ነው። ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ከዳር ይራቅ እላለሁ፣ 4 ሜትር ከተቆፈረ 4 ሜትር፣ ያ ካልተቻለ የግድግዳው ድጋፍ ዲዛይን ሲደረግ ያ ክብደት ታስቦ ይሰራ፣ ሁለቱም ካልሆነ እቃው አይምጣ። የዝናብ ውሀ ማስቀየሻ ቦይም ከቁፋሮው በፊት ይሰራል፣ መግቢያው ላይ ገረጋንቲ ይደፋል፣ አለበለዚያ ሀምሌ ላይ ሲኖው በር ላይ ሰምጦ የሰፈሩ መንገድ ይዘጋል።

ስትራክቸሩ ከመሬት ወጣ ካለ በኋላ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፣ «በቃ ቤዝመንቱን ስቶር እናርገው»። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን በየትኛው ወለል? ሲሚንቶ 10 ከረጢት ቁመት ስትደረድሩ 500 ኪሎ ነው፣ ያረፈበት ስፋት ደሞ 0.3 ካሬ ገደማ፣ ሲሰላ በካሬ ከአንድ ቶን ተኩል ይበልጣል። ስላቡ ለቢሮና ለመኖሪያ ዲዛይን ሲደረግ የተያዘለት ተንቀሳቃሽ ጭነት በካሬ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። አምስት እጥፍ! ያውም ኮንክሪቱ ገና እድሜው ሳይሞላ። ስለዚ ከባድ ነገር ሚቀመጠው መሬት ላይ ባረፈው የታችኛው ወለል ነው፣ ብሎኬት፣ እብነበረድ፣ ሴራሚክ። እዛ ደሞ ውሀ ይገባል፣ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ሲሚንቶ እዛ ማስቀመጥ አያዋጣም። ሲሚንቶው ከላይ ይሁን ግን አራት አምስት ከረጢት ቁመት ሳይበልጥ ተበትኖ፣ በቢም አካባቢ፣ ስላቡም ከስሩ ድጋፉ እንዳለ። ከግድግዳው 30 ሳንቲም ራቅ ብሎ፣ በእንጨት ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ እንዲወጣ። ይሄን ስቶር ኪፐሩ ያውቀዋል፣ ቦታ ከሰጣችሁት።

ክሬን ካለ ብዙ ሰው ሊፍት ሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይተክለዋል፣ ቦታ አይበላም፣ መሀል ስለሆነም ሁሉም ጋ ይደርሳል። መትከሉ ቀላል ነው። ህንፃው አልቆ ሊነቀል ሲል ነው ጥያቄው ሚመጣው፣ ክንዱን ሚያወርደው ሌላ ተንቀሳቃሽ ክሬን የት ይቆማል? ያቺው የፊት መሬት ላይ፣ ከስሯ ደሞ በዛን ጊዜ የውሀ ታንከርና ሴፕቲክ ታንክ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። እነሱ ከመቀበራቸው በፊት የክሬኑ እግር ሚያርፍበት ነጥብ ስእሉ ላይ ይገባ። ክሬን ሚያነሳው ክብደትም ክንዱ ጫፍ ላይ ትንሹን ነው፣ የፌሮ ማራገፊያው ጫፍ ላይ ከሆነ እስሩን ከፋፍሎ ማንሳት ግድ ይላል። ቦሌ አካባቢ ደሞ ለአውሮፕላን ማረፊያው ተብሎ የከፍታ ገደብ አለ፣ ክሬኑ ከህንፃው በላይ እንደሚሄድ አስቡ።

ፊኒሺንግ ላይ ብዙ አላወራም፣ ችግሩ ቦታ ሳይሆን ሌባ ነው። ቧንቧ፣ የመብራት ገመድ፣ የበር ቁልፍ በየፎቁ አይበተን፣ አንድ ክፍል ቀድሞ በር ተገጥሞለት ይቆለፍ። ቁርጥራጭ ፌሮም አንድ ቦታ ይሰብሰብ፣ ቁራሌው በየቀኑ በአጥሩ ስር ያልፋል።

ሰውን ረሳሁ አይደል፣ ፕላኑም እንደዚ ነው ሚረሳው። 80 ሰው ሚውልበት ሳይት ላይ አንድ የቆርቆሮ ሽንት ቤት በቂ አይደለም፣ እኔ ለ25 ሰው አንድ መቀመጫ ብዬ ነው ምይዘው፣ የሴቶቹ ደሞ ለብቻው፣ ከውስጥ ሚቆለፍ። ጠጠርና ብሎኬት ከሚያመላልሱት የቀን ሰራተኞች ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት አይደሉም፣ ግን ብዙ ስእል ላይ የሉም። ልብስ መቀየሪያም እንደዛው። ሻይና እንጀራ ምትሸጠዋ ሴትም ፕላኑ ላይ ባትኖርም ትመጣለች፣ ቦታ ካልሰጣችኋት በሩ ስር ትቀመጣለች፣ ሲኖው በማርሽ ኋላ ሚገባበት ቦታ ላይ። በጥበቃው ቤት ጎን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ጥላ ያለው ቦታ ስጧት፣ ሰራተኛውም ለምሳ ሩቅ ሄዶ አይዘገይም።

የዚ ሁሉ ሂሳብ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የስራው ዝርዝርና ዋጋ ሚፃፍበት ሰነድ) ላይ ለጊዜያዊ ስራ የተለየ መስመር የለም፣ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ተሰውሮ ነው ሚገባው። የመንግስት ስራ ላይ ቅድመ ክፍያ ስላለ አጥሩም ቢሮውም በሱ ይሸፈናል። የግል ስራ ላይ ግን ባለቤቱ እቃ ራሳቸው እየገዙ እኛ በእጅ ዋጋ ምንሰራበት ውል በዝቷል፣ እዛ ላይ ሌይአውቱ ባለቤት የለውም። ሲሚንቶ ረከሰ ሲባል እሳቸው ባንዴ 1000 ኩንታል ያመጣሉ፣ ልክ ናቸው፣ ነገ ይወደድ ይሆናል። ግን 2000 ከረጢት ነው፣ ሶስት ወር ካለፈው ደሞ ጉልበቱ እየቀነሰ ነው ሚሄደው፣ ያን ያህል ደሞ የጂ+9 ስላብ በየሳምንቱ አይሞላም። እኔ አሁን የእጅ ዋጋ ውል ላይ ሶስቱን ስእል አያይዛለሁ፣ በየምእራፉ ሳይቱ ስንት ኩንታል፣ ስንት ሲኖ፣ ስንት እስር ፌሮ እንደሚይዝ ተፅፎበት፣ ባለቤቱም ይፈርሙበታል። ከዛ በላይ ከመጣ ማስቀመጫውን ሚከራዩት እሳቸው ናቸው።