ጂምናስቲክን በደብተርና በእስክሪብቶ ማየት የለመድኩት እንዲህ ነው

ድሮ ጂምናስቲክ ሳይ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰውየው ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? ካልወደቀ አጨበጭባለሁ። ከዛ 14 ነጥብ ምናምን ይሰጡታል። ቀጥሎ የመጣው፣ ለእኔ ዓይን ያንኑ የሠራው፣ 13 ነጥብ ምናምን ያገኛል። እኔም ዳኞቹን እሰድባለሁ።

ይህን ልማዴን ያስተወኝ የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ቡድን ፍጻሜ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 2024 የተደረገው። ውጤቱን ያየሁት ካለቀ በኋላ ነበር። ጃፓን 259.594፣ ቻይና 259.062። ይሄ እሺ። ግራ የገባኝ ግን ወደ መጨረሻው መሣሪያ (ቀለበት፣ ዘንግ እንደሚባሉት፣ ተጫዋቾቹ የሚሠሩበት ነገር) ሲሄዱ ቻይና በ3.267 ትመራ እንደነበር ሳነብ ነው። ሦስት ነጥብ በአንድ ዙር እንዴት ይገለበጣል? ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን ይሆናል፣ ግን ደብተር አስወጣኝ።

ያደረግኩት ቀላል ነው። ሙሉውን ቅጂ ፈልጌ አገኘሁ። አንዱ ሠርቶ ሲጨርስ ነጥቡ ከመውጣቱ በፊት ቪዲዮውን አቆማለሁ፣ ግምቴን እጽፋለሁ፣ ከዛ እለቀዋለሁ። መጀመሪያ ስምንቱንም ቡድን ልከታተል ብዬ ተነሳሁ፤ ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ገና በሁለተኛው ዙር ጠፋሁ። ተውኩት። ጃፓንና ቻይናን ብቻ ያዝኩ። በፍጻሜው ስድስት መሣሪያ አለ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሰው ይሠራል፣ የሦስቱም ነጥብ ይደመራል። ለአንድ ቡድን 18 ሥራ ማለት ነው። በማጣሪያው አራት ሰው ሠርቶ ዝቅተኛው ነጥብ ይጣላል፤ በፍጻሜው ግን የሚጣል የለም። ይህቺን ነገር ልብ ሳልል ግማሽ ቀን ስደምር ቆይቼ ቁጥሬ አልገጥም ብሎኝ ነበር። ለካ ዝቅተኛውን እየጣልኩ ነው!

ነጥቡ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ የሥራው ክብደት ነው፤ ከባድ ነገር በሠራህ ቁጥር ይጨምራል። ሌላው አሠራሩ ነው፤ ከ10 ይነሳና ዳኞቹ እየቀነሱ ይወርዳሉ። ለትንሽ ስህተት 0.1፣ ለመካከለኛ 0.3፣ ለትልቅ 0.5፣ ለመውደቅ ሙሉ 1 ነጥብ። የድሮው «10 ከ10» የሚባለው ነገር ከ2006 ጀምሮ የለም። የክብደቱን ክፍል እኔ ልቆጥረው አልችልም፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በስም ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ የተሰጠውን ቀድቼ አሠራሩን ብቻ ለመገመት ወሰንኩ። ማጭበርበር ከሆነም ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ግምቴ ሁሉ ከዳኞቹ በአንድ ነጥብ ገደማ ይበልጥ ነበር። ቸር ነበርኩ። ምክንያቱን ያገኘሁት ቀለበት ላይ ነው። ሰውየው እጆቹን እንደ መስቀል ዘርግቶ አየር ላይ ሲቆም አፌን ከፍቼ አያለሁ እንጂ አልቆጥርም። ሕጉ ግን ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት ይላል። በስልኬ ሰዓት መቁጠር ስጀምር፣ እኔ «ድንቅ ነው» ያልኩት አቋቋም አንዳንዴ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ትከሻውም ከቀለበቶቹ ትንሽ ከፍ ብሏል። ይሄ ሁሉ ይቆረጣል። ማየት ማለት መገረም መስሎኝ ነበር።

ባለ እጀታው ፈረስ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እውነቱን ለመናገር ድሮ እሱ ሲመጣ ሻይ ላፈላ እነሳ ነበር። ዙሪያውን መሽከርከር ብቻ ይመስላል። አንድ ቀን ፍጥነቱን ሩብ አድርጌ አየሁት። እግሮቹ ተጣብቀው ዙሪያውን ሲጠርጉ አንዱ እጅ ይነሳል፣ ሌላው ክብደቱን ሁሉ ይሸከማል፣ እግሮቹ ሲያልፉ ያ ይነሳና የመጀመሪያው ይመለሳል። ማረፊያ የለም። መቆምም ስህተት ነው። ጉልበት ትንሽ ቢታጠፍ፣ ዳሌ ቢወርድ፣ እግር ፈረሱን ቢነካ ዙሩ ይበላሻል፣ የተበላሸ ዙር ደግሞ ቀጣዩን ይዞት ይወድቃል። የጃፓኑ ዳይኪ ሃሺሞቶ፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሁሉን አቀፍ (የስድስቱም መሣሪያ ድምር) ሻምፒዮን የነበረው ሰውዬ፣ ፓሪስ ላይ የወደቀው ከዚህ ፈረስ ነው። ከዛን ቀን ወዲህ ሻዩን ቀድሜ ነው የማፈላው።

የአሜሪካው ስቲቨን ኔዶሮሺክም የገባኝ ያኔ ነው። መነጽር የሚያደርገው ልጅ። ሙሉውን ምሽት ተቀምጦ ጠበቀ፣ ቡድኑ አምስት መሣሪያ ጨረሰ፣ እሱ በመጨረሻ ተነስቶ ፈረሱን ብቻ ሠርቶ 14.866 አመጣ። አሜሪካ ከ2008 በኋላ የመጀመሪያዋን የቡድን ሜዳሊያ፣ ነሐስ፣ አገኘች። «አንድ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ሰው ለምን ከቡድኑ አምስት ቦታ አንዱን ይይዛል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ደብተሬ ላይ ነው። ሦስተኛው ሰው ደካማ በሆነበት መሣሪያ ላይ ነው ቡድን ነጥብ የሚያጣው፤ እሱ ያንን ቦታ ይሞላል።

ወደዛች የመጨረሻ ዙር ስመጣ እጄ ላብ ነበር፤ ውጤቱን እያወቅኩ! ሁለቱም ቡድኖች አግዳሚው ዘንግ ላይ ናቸው። የቻይናው ሱ ዌይዴ ወጣ፣ ዘንጉን ለቆ ተገለበጠ፣ ሊይዘው ሲል አመለጠው። ተነስቶ ቀጠለ። በድጋሚ ወደቀ። 11.600። ቪዲዮውን አቁሜ ሒሳብ ሠራሁ። ሁለት መውደቅ ሁለት ነጥብ ነው፣ ልዩነቱ 0.532። አንዴ ብቻ ወድቆ ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ከሆነ፣ ወርቁ የቻይና ነበር። ልጁ ደግሞ በመጨረሻ ሰዓት የተጎዳ ተጫዋች ተክቶ የገባ ነው፤ አሳዘነኝ። ሃሺሞቶ፣ ያ ከፈረሱ የወደቀው ልጅ፣ የቡድኑ መጨረሻ ሆኖ ወጣና 14.566 ሠራ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ውጤት ተብሎ የወጣውን ቶሎ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ለንደን 2012 ላይ ጃፓን መጀመሪያ አራተኛ ተብላ ነበር። ተጫዋቻቸው ኮሄይ ኡቺሙራ ሥራውን ሲጨርስ ከፈረሱ የወረደበት መንገድ እንደገና ይታይ ብለው አመለከቱ፣ ነጥቡ ተጨመረለት፣ ብር ወሰዱ። ዩክሬን ከሜዳሊያ ወጣች። እኔ አሁን በእርሳስ ነው።

ከዛ ራሴን ልፈትን ብዬ የቶኪዮውን ፍጻሜ ያዝኩ። ማን እንዳሸነፈ ረስቼው ነበር፣ ወይም አላየሁትም። ክብደቱን ብቻ እያየሁ አሠራሩን ራሴ ገመትኩ፣ የዳኞቹን ድምር በወረቀት ሸፈንኩ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ድምሬ ጃፓንን በ0.4 ሻምፒዮን አደረጋት። ወረቀቱን ሳነሳ የሩሲያ ልጆች 262.500፣ ጃፓን 262.397። ለታናሽ ወንድሜ አሳየሁት። ደብተሩን አገላብጦ አየና «በል ዳኛው፣ የጃፓኖቹን ሜዳሊያ አንተው ውሰድላቸው» አለኝ።