ያላበጠችው ካፓሲተር

የእናቴ የዲሽ ሪሲቨር ለዓመታት ከሶኬት ተነቅሎ አያውቅም። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን አልነሳም አለ። ቀዩ መብራቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከውስጥ «ጢቅ፣ ጢቅ» ይላል። ቤተሰቡ «መብራት አቃጠለው» ብሎ ፈረደ፤ እኔም አመንኩ።

ስከፍተው ፊውዙ ደህና ነው። ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ 310 ቮልት ገደማ አለ፤ የሶኬቱ 220 ቮልት ወደ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ እዚያ ይደርሳል። (ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ይህ ጉልበት ይቆያል፤ ሰው ይገድላል። በሬዚስተር (ፍሰትን በሚገድብ ዕቃ) ሳላሟጥጠውና መልሼ ሳልለካው እጄን አላስገባም።) በ5 ቮልቱ መውጫ ያለው ባለ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ማይክሮፋራድ የማጠራቀም አቅም መለኪያ ነው) አናቱ አብጧል። ቀየርኩት፤ ጢቅታው ግን አልቆመም። ቀጥዬ አይሲውን፣ ኃይሉን የሚቆጣጠረውን ቺፕ ቀየርኩ። ገንዘቤም ቀኔም በከንቱ ሄደ።

ምስጢሩን ያወጣው የእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ሶኬቱን ነቅዬ ቦርዱን ካሞቅሁት በኋላ ስሰካው ተነሳ! ቀዝቅዞ ስሞክረው እምቢ አለ። በወረቀት እየጋረድኩ ቦታ በቦታ ሳሞቅ፣ አይሲው አጠገብ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር ተጣብቃ የቆመች ትንሽ ባለ47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ዘንድ ደረስኩ። አላበጠችም፣ አላፈሰሰችም። ነቅዬ ስለካት 6 ብቻ ቀርቷታል።

የዚህች ካፓሲተር ሥራ ማስነሳት ነው። ከ310 ቮልቱ በትልቅ ሬዚስተር በኩል ጥቂት በጥቂት ትሞላለች፤ ስትሞላ አይሲው ይነሳና ትራንስፎርመሩ መመገብ እስኪጀምር ድረስ ከእርሷ ይስባል። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ግን ያጠራቀመችው ለዚያች ቅጽበት እንኳ አይበቃም፤ አይሲው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ጢቅታው ይህ ነበር። ሪሲቨሩ ሳይጠፋ እስከሠራ ድረስ ትራንስፎርመሩ ያለማቋረጥ ስለሚመግባት ድክመቷ አይታይም። መብራት የሄደ ዕለት ተገለጠ።

አዲሷን ስገዛ 85 ዲግሪ (የምትችለው የሙቀት ጣሪያ) የተጻፈበትን ትቼ 105 ዲግሪውን መረጥኩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜዋ በግምት እጥፍ ይሆናልና እግሮቿን ረዘም አድርጌ ከትኩሱ ብረት አራቅኋት። ነጩ መስመር ያለበት ጎን ኔጋቲቭ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ወዲያው መነሳቱን አላመንኩትም፤ ቦርዱ ገና ከብየዳው ሞቃት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ነቅዬ አሳደርኩት። ንጋት ላይ፣ ቤቱ ገና በብርድ ሳለ ሰካሁት፤ ቀዩ መብራት በራ፣ ሳይርገበገብም ቆየ።